ሃይድሮክሲዩሪያን ቤት ውስጥ በአግባቡ ለመውሰድ፦ ከመጀመሪያው ፍሬ እስከ ደም ምርመራው

ሃይድሮክሲዩሪያ የደም ሴል ከልክ በላይ ሲበዛና ለሲክል ሴል በሽታ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። የሚወስዱት ሰዎች ችግር ውስጥ የሚገቡት ብዙ ጊዜ ፍሬውን እየዋጡ የደም ምርመራውን ሲተዉ ነው። ሰውዬው ከወግዲ ወይም ከዋድላ ተነስቶ ደሴ ይመጣል። መድኃኒቱን ይዞ ይመለሳል። ይሻለዋል። ሲሻለው ደግሞ “ለአንድ ብልቃጥ ደም ብዬ የመኪና ብር አላወጣም” ይላል። ከዚያ አንድ ቀን በትኩሳት ደክሞ፣ ሰው ደግፎት ይመጣል።

ይህ መመሪያ ሐኪም ላዘዘላችሁ ሰዎችና ለአስታማሚዎቻችሁ ነው። ያልታዘዘለት ሰው ይህን አንብቦ መድኃኒት እንዳይጀምር። እዚህ ያሉት ቁጥሮች የተለመዱት ናቸው። ካርዳችሁ ላይ ሌላ ከተጻፈ የካርዱን ያዙ።

ስለ አሠራሩ ይህን ያህል እወቁ። አንድ ሴል ለመባዛት መጀመሪያ ዲኤንኤውን ይገለብጣል። መድኃኒቱ ለዚህ ሥራ ጥሬ ዕቃ የሚያዘጋጀውን ኢንዛይም ያስራል። ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎች ቀድመው ይቆማሉ። ከልክ በላይ የበዛው የደም ሴል የሚወርደው በዚህ ነው፤ የምትፈልጉት ጤነኛ ሴልም አብሮ ሊወርድ የሚችለው በዚሁ ነው። ልኩን የሚነግራችሁ የደም ምርመራ ብቻ ነው። ስሜታችሁ አይነግራችሁም።

ደረጃ 1፦ ከመጀመሪያው ፍሬ በፊት

*ለምን እንደታዘዘላችሁ ጠይቃችሁ ጻፉ*

አንዱ መድኃኒት ለተለያየ በሽታ ይታዘዛል፤ የሚጠበቀው ውጤትም ይለያያል።

ቀይ የደም ሴል ለበዛበት ሰው ግቡ ኤች ሲ ቲ የሚባለውን ቁጥር፣ ማለትም ደም ውስጥ ቀይ ሴል የያዘውን መቶኛ፣ ከ45 በታች ማድረግ ነው። አንዳንዴ ደም መቅዳትና አነስተኛ መጠን አስፕሪን ይጨመርበታል። ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሴል) ለበዛበት ሰው ግቡ የደም መርጋትን መከላከል ነው። ሲክል ሴል (ቀይ የደም ሴል ቅርጹ የሚጣመምበት የዘር በሽታ) ላለበት ሰው የፅንስ ጊዜ ሄሞግሎቢንን ከፍ አድርጎ የሕመም ግርሻን ይቀንሳል። ለአንዳንድ የራስና የአንገት ካንሰሮች ደግሞ ከጨረር ሕክምና ጋር የሚሰጥበት ጊዜ አለ።

ሲ ኤም ኤል የተባለው የደም ካንሰር ግን ለብቻው ይታይ። እዚህ ላይ ሃይድሮክሲዩሪያ መሸጋገሪያ ነው። በጣም የበዛውን ነጭ የደም ሴል ቶሎ ያወርዳል፣ ያበጠውን ጣፊያ ያሳንሳል፣ ሰውዬውም ቀለል ይለዋል። በሽታውን ከሥሩ የሚይዙት ግን ኢማቲኒብ የተባለው መድኃኒትና መሰሎቹ ናቸው። “በዚህኛው ተሽሎኛል፣ አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ምን አስኬደኝ?” የሚል ሰው ሞልቷል። እባካችሁ ሂዱ። ሃይድሮክሲዩሪያ ቁጥሩን ያሳምራል እንጂ በሽታው ወደ ከባዱ ደረጃ እንዳይሻገር አያግደውም። ኢማቲኒብ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ሃይድሮክሲዩሪያው መቼ እንደሚቆም ጠይቁ። ሳያውቁ ሁለቱንም ለወራት የሚቀጥሉ አሉ።

“ደሴ ደጋ ስለሆነ ነው ደሜ የበዛው” የሚለውን ደግሞ እርሱት። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እውነት ነው። ነገር ግን በፈረንጆቹ 2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢን ከባሕር ወለል አካባቢ ሰው ብዙ እንደማይለይ አሳይቷል። የበዛ ደም ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

*ለሐኪሙ ሳትናገሩ እንዳትወጡ*

1. እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ። መድኃኒቱ ፅንስ ይጎዳል። ጡት የምታጠባ እናትም ቀድማ ትናገር። የእርግዝና መከላከያ ለሁለቱም ፆታ ነው። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ሴት ቢያንስ 6 ወር፣ ወንድ ቢያንስ 1 ዓመት እንዲጠብቁ ይመከራል። የወንድ የዘር ቁጥርም ሊቀንስ ስለሚችል ልጅ የምትፈልጉ ወንዶች ሳትጀምሩ ተናገሩ። የሚያሳፍር ነገር የለውም።
2. የኩላሊት ችግር ካለ። ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ መጠኑ ብዙ ጊዜ በግማሽ ይቀነሳል።
3. የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ። በተለይ ዲዳኖሲንና ስታቩዲን የተባሉት የድሮ መድኃኒቶች ከዚህ ጋር አይሄዱም፤ ቆሽትና ጉበት ይጎዳሉ።
4. እግራችሁ ላይ የማይድን ቁስል ካለ ወይም ከነበረ።
5. ክትባት ልትወስዱ ከሆነ። ለሐጅ ወይም ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የምትሄዱ ሰዎች የቢጫ ወባ ክትባት ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ክትባቱ ሕያው ቫይረስ አለበት። ከዚህ መድኃኒት ጋር ያለ ሐኪም ፈቃድ አትከተቡ።

*መነሻ ምርመራ*

ፍሬው ሳይጀመር ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ ይሠራ። ክብደታችሁን ተመዘኑ። ውጤቱን ፎቶ አንሱት፤ ወረቀቱንም አስቀምጡት። ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ሐኪም ሲያያችሁ መጀመሪያ የሚጠይቀው “መነሻህ ስንት ነበር?” ብሎ ነው።

*ስትገዙ*

የተለመደው ካፕሱል 500 ሚሊግራም ነው። ማሸጊያው ላይ “ሃይድሮክሲዩሪያ” ወይም “ሃይድሮክሲካርባማይድ” ሊል ይችላል፤ “ሃይድሪያ” የሚልም አለ። ሁሉም አንድ መድኃኒት ነው። ባለፈው ወር አንዱን፣ በዚህ ወር ሌላውን ስም ስላገኛችሁ ሁለቱን ደርባችሁ እንዳትውጡ። በፌስታል ተቋጥሮ “ከውጭ የመጣ ነው” ተብሎ የሚሸጥ አትግዙ። ማሸጊያው ላይ ስሙን፣ የሚያበቃበትን ቀንና የሚሊግራሙን ቁጥር አይታችሁ ክፈሉ።

ደረጃ 2፦ መጠኑን ቀን መቁጠሪያ ላይ አስፍሩ

መነሻው ብዙ ጊዜ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 15 ሚሊግራም ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 900 ሚሊግራም ይደርሰዋል። ካፕሱሉ 500 ስለሆነ ሐኪሙ ወደ 1000 ያስጠጋዋል፤ ሁለት ፍሬ ማለት ነው። እዚህ ድረስ ቀላል ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሐኪሙ “አንድ ቀን አንድ፣ በማግስቱ ሁለት” ሲል ነው። ካፕሱል አይሰበርም። ስለዚህ 750 ሚሊግራም ለመስጠት ያለው መንገድ ቀን ማፈራረቅ ነው። ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። “ትናንት ስንት ነበር?” ሲባል ባል አንድ፣ ሚስት ሁለት ይላሉ። በሳምንቱ ቀናት ልቁጠር ያለም ይደናገራል። ሳምንት ሰባት ቀን ስለሆነ በዚህ ሳምንት ሰኞ አንድ ፍሬ የነበረው በሚቀጥለው ሰኞ ሁለት ይሆናል።

እንዲህ አድርጉ።

1. የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አውጡ። የኛን፣ የኢትዮጵያውን።
2. ጎዶሎ ቀን፣ ማለትም 1፣ 3፣ 5 ... አንድ ፍሬ።
3. ሙሉ ቀን፣ ማለትም 2፣ 4፣ 6 ... ሁለት ፍሬ።
4. እንደዋጣችሁ ቀኑ ላይ ምልክት አድርጉ። ሳትውጡ ቀድማችሁ ምልክት አታድርጉ።

ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ ይህ አይዛነፍም። 30 ሁለት ፍሬ ነው፣ በማግስቱ 1 አንድ ፍሬ። የምትሰናከሉት ጳጉሜን 5 ቀን ስትሆን ብቻ ነው፤ ጳጉሜን 5 እና መስከረም 1 ተከታትለው አንድ አንድ ፍሬ ይሆናሉ። ምንም አይደለም፣ እንደዚያው ቀጥሉ። በፈረንጅ ቀን መቁጠሪያ ግን 31 እና 1 በየጊዜው ስለሚጋጩ አይሠራም።

በዚህ አካሄድ ለአንድ ወር 45 ፍሬ ያስፈልጋችኋል። ስትገዙ በዚህ ቁጠሩ፤ ለመጠባበቂያም የሁለት ሳምንት ያህል ጨምሩ።

ሌላ ሰው “እኔ በቀን ሦስት እውጣለሁ” ቢላችሁ አትስሙት። መጠኑ በክብደት፣ በበሽታና በደም ቁጥር የሚወሰን ነው። የጎረቤት ልክ አይሆናችሁም።

ደረጃ 3፦ በየቀኑ እንዴት ይወሰዳል

1. አንድ ሰዓት ምረጡ። ምሽት 2 ሰዓት ለብዙ ሰው ይመቻል፤ ማቅለሽለሽ ካለ ተኝታችሁ ታሳልፉታላችሁ።
2. እጃችሁን ታጠቡ።
3. ፍሬውን በክዳኑ ላይ አውጡና ከክዳኑ ወደ አፍ ጨምሩ። መድኃኒቱን የሚያቀብለው ሌላ ሰው ከሆነ ጓንት ያድርግ። ነፍሰ ጡር ሴት ጨርሶ አትንካው።
4. በአንድ ብርጭቆ ውኃ ሙሉውን ዋጡ። ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይሆናል።
5. ጠርሙሱን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉ። እጃችሁን ድጋሚ ታጠቡ።
6. ቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት አድርጉ።

ካፕሱሉን አትክፈቱ። ዱቄቱን በሻይ አትበጥብጡ፤ እንጀራ ውስጥም አትጠቅልሉ። ቆዳን ይጎዳል፣ ብናኙም ወደ ሳንባ ይገባል። መዋጥ ያቃተው ሕፃን ወይም አዛውንት ካለ ለፋርማሲው ንገሩ።

ማስቀመጫው ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይሁን። ምድጃ አጠገብ አይሆንም። ባቲና ከሚሴ ላላችሁ ደግሞ ቆርቆሮው ሥር ያለ መደርደሪያ በበጋ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ታች አውርዱት። ከራሱ ጠርሙስ አውጥታችሁ ወደ ሌላ ዕቃ አትገልብጡ። እርጥበት ያበላሸዋል። ልጅ የማይከፍተው ሳጥን ውስጥ ቆልፉት።

*ሲበላሽ*

ረሳችሁ? ያው ቀን ከሆነና ካስታወሳችሁ ዋጡ። ቀኑ ካለፈ ያለፈውን ተዉት። የማካካሻ ድርብ የለም።

ዋጣችሁና ወዲያው አስመለሳችሁ? አትድገሙ። የነገውን በሰዓቱ ውሰዱ። ትውኪያው በየቀኑ ከሆነ ሐኪሙ ማስቆሚያ ያዝዝላችኋል።

ካፕሱሉ ፈረጠና ዱቄቱ ፈሰሰ? በጓንት፣ በእርጥብ ወረቀት ጥረጉት። ወረቀቱንም ጓንቱንም ላስቲክ ውስጥ አስራችሁ ጣሉ። ከዚያ ቦታውን በሳሙናና ውኃ እጠቡ። በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ዱቄቱን አየር ላይ ያስነሳዋል።

ለአስታማሚ፦ የታማሚው ትውኪያ፣ ሽንት ወይም ዓይነ ምድር ሲጸዳ ጓንት አድርጉ። የተበከለ ልብስና አንሶላ ለብቻ ይታጠብ። ይህ ከመጨረሻው ፍሬ በኋላም ለሁለት ቀን ይቀጥላል።

ነጭ የደም ሴሉ በጣም በዝቶ የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውኃ አብዝቶ ይጠጣ። ብዙ ሴል በአንዴ ሲፈርስ ዩሪክ አሲድ ይጨምራል፤ ኩላሊትን ያስቸግራል። ዩሪክ አሲድን የሚቀንሰው አሎፑሪኖል የታዘዘላችሁ ለዚህ ነው። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን የውኃውን ልክ ከሐኪሙ ይጠይቅ።

ደረጃ 4፦ የደም ምርመራው

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ደረጃ ያዙ።

*መቼ*

መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ። መጠኑ ሲስተካከል በየወሩ። ቁጥሩ ከረጋ በኋላ ሐኪሙ ወደ ሁለት ወይም ሦስት ወር ያራዝመዋል። መጠን በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ወደ መጀመሪያው ትመለሳላችሁ፤ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ።

ለዚህ ሁልጊዜ ደሴ መምጣት የለባችሁም። ሲቢሲ የሚሠራ ማሽን በቅርባችሁ ሆስፒታል ካለ እዚያ አሠሩና ውጤቱን ፎቶ አንስታችሁ ለሚከታተላችሁ ክፍል አድርሱ። በዚህ መንገድ መከታተል ይቻል እንደሆነ መጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ጠይቁ፤ የሚደወልበትን ቁጥርም ያዙ። የመኪናውን ብር የሚያድነው ይህ ነው።

*ናሙና ሲሰጥ*

ደሙ የሚቀዳው ሐምራዊ ክዳን ባለው ብልቃጥ ነው። በዚያው ቀን ይነበብ። ከገጠር ጤና ጣቢያ የተላከ ናሙና አድሮ ከተነበበ ቁጥሩን አትመኑት።

*ወረቀቱን እንዴት ታነባላችሁ*

አራት መስመር ፈልጉ።

ደብሊው ቢ ሲ ነጭ የደም ሴል ነው። ወረቀቱ ላይ 4.2 ካለ 4200 ማለት ነው። ፒ ኤል ቲ ፕላትሌት ነው። 180 ካለ 180 ሺህ ነው። ኤች ሲ ቲ ደግሞ ደሙ ውስጥ ቀይ ሴል የያዘው መቶኛ ነው።

አራተኛው ኒውትሮፊል ነው፤ ኢንፌክሽን የሚዋጋው። ብዙ ጊዜ በመቶኛ ነው የሚጻፈው፣ ስለዚህ ማስላት አለባችሁ። ነጭ የደም ሴሉን በመቶኛው አባዙና ለ100 አካፍሉ። ነጩ 3200፣ ኒውትሮፊሉ 48 በመቶ ከሆነ፦ 3200 ሲባዛ በ48፣ ሲካፈል ለ100፣ 1536 ይመጣል። “48 ጥሩ ቁጥር ነው” ብሎ መሄድ አይቻልም።

*ቁጥሩ ሲወርድ*

የተለመደው ማቆሚያ መስመር ነጭ የደም ሴል ከ2500 በታች ወይም ፕላትሌት ከ100 ሺህ በታች ነው። ለሲክል ሴል ታማሚ ሐኪሙ ሌላ መስመር ሊሰጥ ይችላል፤ ካርዱ ላይ አስጽፉት።

1. ውጤቱን ያያችሁ ቀን ደውሉ። ቀጠሮ አትጠብቁ።
2. ሐኪሙን ካላገኛችሁት የዚያን ቀን ፍሬ አትዋጡ።
3. ትኩሳት፣ የድድ መድማት ወይም አዲስ የቆዳ ብልዝ ካለ በዚያው ቀን ሆስፒታል ግቡ።
4. ከ3 ቀን ገደማ በኋላ ሲቢሲው ይደገም።
5. ቁጥሩ ሲመለስ ብዙ ጊዜ በአነስተኛ መጠን ይጀመራል። ራሳችሁ አትጀምሩት።

አብሽሩ፣ መድኃኒቱ ሲቆም ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። አደገኛው ሳያውቁ መቀጠል ነው።

ፕላትሌቱ ብቻ በድንገት ዘጭ ካለና ምንም ምልክት ከሌላችሁ፣ ላብራቶሪው በማይክሮስኮፕ እንዲያየው ጠይቁ። ሐምራዊው ብልቃጥ ውስጥ ፕላትሌት እርስ በርሱ ሊጣበቅ ይችላል። ማሽኑ ያኔ አሳንሶ ይቆጥረዋል።

*የሚያደናግር ግን ደህና የሆነ ለውጥ*

ኤም ሲ ቪ የሚባለው የቀይ ሴል መጠን ከ100 በላይ ይወጣል። ይህ ከመድኃኒቱ ነው። የማያውቅ ባለሙያ “ቫይታሚን ቢ 12 አንሶሃል” ብሎ መርፌ ያዛል። መድኃኒታችሁን ንገሩት። የፎሊክ አሲድ እጥረት ግን በዚህ ሊሸፈን ስለሚችል ፎሊክ አሲድ ከታዘዘላችሁ አታቋርጡ።

ደግሞ እንዲህም አለ፦ ወራት አልፈው ኤም ሲ ቪው ንቅንቅ ካላለ ሐኪሙ “እውነት ትውጣለህ?” ብሎ ይጠይቃል። ወረቀቱ ያሳብቃል።

ደረጃ 5፦ ትኩሳት ሲመጣ

ቆቦ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ፣ ባቲ አካባቢ ትኩሳት ሲነሳ ሁሉም “ወባ ነው” ይላል። ለእናንተ ይህ አይበቃም። ነጭ የደም ሴላችሁ ወርዶ ከሆነ ተራ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊበረታ ይችላል። ወባም ራሱ ፕላትሌት ያወርዳል፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ከባድ ነው።

1. ቴርሞሜትር ቤት ይኑር። 38 ዲግሪ ከደረሰ ጊዜ አትፍጁ።
2. ፓራሲታሞል ውጣችሁ ቤት አትቆዩ። ትኩሳቱን ይሸፍናል፣ ኢንፌክሽኑን አያድንም።
3. ጤና ጣቢያ ስትገቡ የመጀመሪያው ቃላችሁ “ሃይድሮክሲዩሪያ እወስዳለሁ” ይሁን።
4. የወባ ምርመራውም ሲቢሲውም ይሠራ። ወባው ቢገኝም ሲቢሲው አይቅር።
5. ሲቢሲ ከሌለ ወዳለበት እንዲልኳችሁ ጠይቁ። ሌሊት ቢሆንም።
6. ኒውትሮፊል ከ1000 በታች ሆኖ ትኩሳት ካለ አልጋ ይዞ በመርፌ መታከም ያስፈልጋል።

ከመንደር መድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ባክትሪም የተባለውን አንቲባዮቲክ አትግዙ፤ እሱም የደም ሴል ሊያወርድ ይችላል። ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻም አትግዙ፣ በተለይ አስፕሪን የምትወስዱ። ፕላትሌት ወርዶ ባለበት ጨጓራ ሊያደማ ይችላል።

ደረጃ 6፦ ቆዳ፣ አፍና ቁርጭምጭሚት

ጥፍርና ቆዳ ሊጠቁር ይችላል። መልክ ነው፣ አይጎዳም። ፀጉር ሊሳሳ፣ ቆዳ ሊደርቅ ይችላል፤ ቅባት ተቀቡ።

ፀሐይ ግን ቀልድ አይደለም። ለዓመታት የሚወስዱ ሰዎች ላይ የቆዳ ካንሰር ይታያል። እርሻም ገበያም ስትወጡ ሰፊ ኮፍያ፣ ጃንጥላ፣ ረጅም እጅጌ። የማይድን ቁስል ወይም የሚያድግ እባጭ ካያችሁ አሳዩ።

አፍ ሲቆስል በርበሬውን ቀነስ አድርጉ፤ በጨው ውኃ ተጉመጥመጡ። ቁስሉ ከበዛ ሲቢሲ ያስፈልጋል። የአፍ ቁስል አንዳንዴ የደም ሴል መውረድ የመጀመሪያ ምልክት ነው።

ቁርጭምጭሚት አካባቢ የሚወጣው ቁስል ይለያል። ያማል፣ ይሰፋል፣ በቅባት አይድንም። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ካልተቀየረ አይዘጋም። ስለዚህ ማታ እግራችሁን ስትታጠቡ ቁርጭምጭሚቱን በደንብ እዩት። በጫካና በእሾህ መካከል ክፍት ጫማ አታድርጉ።

ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር አዲስ ከመጣ ደግሞ መድኃኒቱ ሳንባን አስቆጥቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፣ ግን ሳይውል ሳያድር ይታይ።

ደረጃ 7፦ ጾም፣ ረመዳንና ጸበል

መድኃኒቱ በቀን አንዴ ስለሚሆን ከጾም ጋር ብዙም አይጋጭም። ረመዳን ላይ ከኢፍጣር በኋላ ውሰዱት፤ እስከ ሱሁር ውኃ አብዝታችሁ ጠጡ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የምትበሉ ጿሚዎችም ወደ ማታ አድርጉት። ሰዓቱ ረመዳን ሲገባ አንዴ ይቀየርና በዚያው ይጽና። በቅርብ የጀመረ፣ ነጭ የደም ሴሉ ገና ያልወረደ ሰው ግን ውኃ ሳይጠጣ መዋል ኩላሊቱን ስለሚጎዳ ሐኪሙን ያማክር።

ጸበል የምትሄዱ፣ ፍሬውን ይዛችሁ ሂዱ። “ጸበል ላይ መድኃኒት አይወሰድም” ብሎ ሁለት ሳምንት ያቋረጠ ሰው ፕላትሌቱ አሻቅቦ ይመለሳል። ዱዓ ለማስደረግ ለምትሄዱም ያው ነው። የባህል መድኃኒት የሚጠጣ ከሆነ ምን እንደሆነ ለሐኪሙ ይነገር። ቁጥሩ ሲወርድ ከየትኛው እንደሆነ መለየት የሚቻለው ያኔ ብቻ ነው።

ደረጃ 8፦ መድኃኒቱ ሲጠፋ ወይም መንገድ ሲዘጋ

ወሎ ላይ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። መጠባበቂያው ሁለት ሳምንት ሲቀረው መፈለግ ጀምሩ፤ ጠርሙሱ ባዶ እስኪሆን አትጠብቁ።

ካጣችሁ ያለውን በራሳችሁ አታብቃቁት። “በሁለት ቀን አንድ” ብሎ መጎተት ሐኪሙን ያሳስተዋል፤ ቁጥሩ ሲወጣ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠን ሊጨምር ይችላል። ደውላችሁ ንገሩ። ከዘመድ መዋስ ካስፈለገ የሚሊግራሙ ቁጥር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ስታገኙም ያለፈውን ለማካካስ አትደራርቡ። ለረጅም ጊዜ ከተቋረጠ ከመጀመራችሁ በፊት ሲቢሲ።

የተረፈ ወይም ጊዜው ያለፈ ፍሬ ሽንት ቤትም ወንዝም አይጣል። ለፋርማሲው መልሱት።

ደረጃ 9፦ ለላብራቶሪ ሰዎች

*ለሆስፒታል ላብራቶሪ*

የምርመራ መጠየቂያው ላይ “ሃይድሮክሲዩሪያ” የሚል ከሌለ ታማሚውን ጠይቁ። መድኃኒቱ በኢንዛይም የሚሠሩ ምርመራዎችን ያስታል። ዩሪያ፣ ዩሪክ አሲድና ላክቴት ያለአግባብ ከፍ ብለው ሊወጡ ይችላሉ። አንዳንድ ትንንሽ የእጅ ማሽኖች ላይ ክሬአቲኒንም እንዲሁ። ዩሪያው ከፍ ብሎ ታማሚው ደህና ከሆነ “ኩላሊቱ ወድቋል” ከማለታችሁ በፊት ክሬአቲኒኑን በሌላ ዘዴ ድገሙት። በተሳሳተ ክሬአቲኒን መጠኑ በግማሽ የተቀነሰበት ሰው በሽታው ሊያገረሽበት ይችላል።

*ለተማሪዎችና ለተመራማሪዎች*

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህ ነገር ሌላ ሥራ አለው። ሴሎችን ዲኤንኤ መገልበጥ ሲጀምሩ አስቁሞ አንድ መስመር ላይ ያሰልፋቸዋል። ሲታጠብ አብረው ይነሳሉ።

1. ንጹሑን ዱቄት ተጠቀሙ። ከካፕሱል የወጣው መሙያ ዱቄት ስለተቀላቀለበት ሚዛናችሁን ያዛባል።
2. ዱቄቱ እርጥበት ይጠላል። የተጓጎለ ከሆነ ኃይሉ ስለተቀነሰ ሌላ አምጡ።
3. ጓንትና ጭምብል አድርጋችሁ፣ አየር በሚስብ ሳጥን ሥር መዝኑ። ሞላር ክብደቱ 76.05 ነው፤ ስለዚህ 76 ሚሊግራም በ1 ሚሊ ሊትር ውኃ 1 ሞላር ይሰጣል።
4. በ0.22 ማይክሮን አጣሩ። በትንሽ በትንሹ ከፋፍላችሁ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ አስቀምጡ። አንዴ የቀለጠ አይመለስ።
5. ለእርሾ የተለመደው 200 ሚሊሞላር ነው። ለሰውና ለእንስሳ ሴል 2 ሚሊሞላር ገደማ፣ ከ16 እስከ 24 ሰዓት። ቦታውን ቀይራችሁ ከገባችሁ እርሾ ላይ በ2 ምንም አይሆንም፤ ሰው ሴል ላይ በ200 ሁሉም ይሞታል።
6. አንድ ብልቃጥ ያለ መድኃኒት ለማነጻጸሪያ ያዙ።
7. ሲበቃ ሁለቴ እጠቡና ሞቅ ያለ አዲስ ማሳደጊያ ጨምሩ። መሰለፋቸውን በፍሎው ሳይቶሜትሪ አረጋግጡ።

ሳይነሱ ከቀሩ ብዙ ጊዜ የቆዩበት ሰዓት በዝቶ ነው። ሰዓቱን ቀንሱ፤ መጠኑን አትንኩ።